ባህር ዳር ሽምብጥ ያለው የልጆች የሳምቡሳ ክላስ፦ ልጄን አራት ቅዳሜ ልኬ ያየሁት

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ፣ መጀመሪያ ግን እዛ ያደረሰኝን ነገር ልንገራችሁ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት በተዘጋ ሳምንት ከስራ ስገባ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል፣ ሮጬ ማድ ቤት ስደርስ ዱካ ላይ ቆማ መጥበሻውን ዘይት ሞልታ ሳምቡሳ ልትጠብስ ነው፣ ሊጡን ዩቲዩብ አይታ ራሷ ነው ያቦካችው፣ ዘይቱ መጨስ ጀምሯል፣ እሷ ደግሞ በጆግ ውሃ ይዛ "እማ ልጨምርበትና ይብረድ?" አለችኝ። ጆጉን ስቀማት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ቤት ነበረች ግን ጓዳ ጋደም ብላ ምንም አልሰማችም።

የዛን ቀን ማታ "ሁለተኛ ማድ ቤት ድርሽ እንዳትይ" አልኳት። በሶስተኛው ቀን ቢላ ይዛ ቃሪያ ስትከትፍ አገኘኋት። በቃ ልጅቷ ሳምቡሳ መስራት ትፈልጋለች፣ የጓደኛዋ እናት በረመዳን ለማፍጠሪያ የሰሩትን ካበሏት ጊዜ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም፣ እኔ ደግሞ ቀን ቀን ቢሮ ነኝ፣ ስለዚህ ተደብቃ ከምትሰራው ሰው አጠገብ ሆና ትማረው ብዬ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ቦታ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ የክረምት ፕሮግራም ብለው ስዕሉንም ጨዋታውንም ምግብ ስራውንም አንድ ላይ የሚሰጡ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ልወስዳት ስሄድ 20 የሚሆኑ ልጆች አንድ የከሰል ማንደጃ ከበዋል፣ ማንደጃው መሬት ላይ ነው፣ የፈላ ዘይት ያለበት መጥበሻ ልክ በልጆቹ ጉልበት ቁመት፣ ከኋላ ያሉት ለማየት ከፊት ያሉትን ይገፋሉ፣ አስተማሪዋ ስልክ ታወራለች። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ፣ ብሩንም መልሱ አላልኩም።

ከዛ ነው የስራ ባልደረባዬ ስለ እትዬ የነገረችኝ። ልጆቹ ሁሉ እትዬ ነው የሚሏቸው፣ እኔም እንደዛው ልበል። ግቢያቸው ሽምብጥ ነው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ከማስተማሩ ጎን ደግሞ ለብዙ ዓመት ሳምቡሳ እየሰሩ ለሻይ ቤቶች ሲያስረክቡ ኖረዋል። በአንድ ክላስ ከ8 ልጅ በላይ አይቀበሉም። አራት ቅዳሜ ነው፣ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ተኩል፣ ለአንዱ ቀን 400 ብር፣ ጠቅላላ 1,600። ወላጅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል፣ እኔ አራቱንም ቀን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ ስለዚህ ከሰማሁት ሳይሆን ካየሁት ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እሳት የሚባል ነገር አልተለኮሰም። አንድ አባት "ልጄ ሳምቡሳ ሊማር ነው የመጣው፣ ወረቀት ሊያጥፍ ነው እንዴ?" ብለው ሲያጉረመርሙ ነበር፣ እኔም በሆዴ ተስማምቻለሁ። ግን እትዬ ያደረጉትን ስሙ። እጅ እስከ ክንድ በሳሙና ታጠቡ፣ ጥፍር ታየ፣ የሴቶቹ ፀጉር በሻሽ ታሰረ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ ተጠቀለለ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ አንድ ልጅ ሽፍን ጫማ እስኪመጣለት በረንዳ ላይ ጠበቀ። ከዛ ጠመኔ አመጡና ቡታጋዙ ካለበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ሲሚንቶው ላይ መስመር አሰመሩ። "ይቺን መስመር እኔ ስምህን ሳልጠራ የሚያልፍ የለም፣ ኳስ ቢገባ፣ ስልኬ ቢጮህ፣ እኔ ራሴ ብወድቅ እንኳ ሰው ትጠራለህ እንጂ አታልፍም።" ልጆቹ አንድ በአንድ መጥተው መስመሩን በእግራቸው ነክተው ተመለሱ። ቀልድ ይመስላል ግን አራቱንም ሳምንት አንድም ልጅ ሲያልፍ አላየሁም። እቤት እኔ በቀን አስር ጊዜ "እሳቱ ጋ አትሂጂ" እያልኩ ያላገኘሁትን ነገር ጠመኔዋ አመጣችው፣ ምክንያቱም "አትሂጂ" የሚለው የት ድረስ እንደሆነ አይናገርም፣ መስመሯ ግን ትናገራለች።

ወረቀቱ ደግሞ ያለነገር አልነበረም። ያለቀ ደብተር እየቀደዱ ቆሎ ሻጭ ወረቀት እንደሚጠቀልለው ቀንድ አስጠቀለሏቸው፣ ከዛ አፉን አጥፎ ሶስት ማዕዘን ማድረግ። እያንዳንዱ ልጅ ውስጡ ደረቅ ሩዝ ተጨምሮበት ሲነቀነቅ አንዲት ፍሬ የማትወድቅበት ሶስት ወረቀት እስኪያስረክብ ሊጥ አይነካም። ልጄ ሰባት ስምንት ጊዜ አፈሰሰች። የጫፏ ቀዳዳ ነው ችግሩ፣ እትዬ "ጫፏ ክፍት ከሆነች ዘይት ይገባል፣ ዘይት ከገባ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈነዳል፣ ሲፈነዳ ፊት ነው የሚያገኘው" ሲሉ ልጆቹ ስለ ቅርጽ ማማር ሳይሆን ስለ ፊታቸው እያሰቡ ማጠፍ ጀመሩ።

ምስር የሚለቅሙት ትንንሾቹ ናቸው። ድፍን ምስር ትሪ ላይ ዘርግቶ ጠጠሩን ማውጣት፣ ማጠብ፣ መዘፍዘፍ። የሚቀቀለው እንዳይፈርስ ሆኖ ነው፣ ጥርስ ስር ለስለስ ሲል ይወጣል። እዚህ ጋ አንድ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። እትዬ ልጆቹን "ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?" ብለው ጠየቁ፣ ሁሉም 100 አሉ። እዚህ ባህር ዳር ከተማ ግን አይደለም አሏቸው፣ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀለል ይላል፣ ውሃውም 94 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ምስሩም ቆላ ካለው ዘግየት ብሎ የሚበስለው ለዛ ነው። ቀጥለው "የምንጠብስበት ዘይትስ?" አሉ። ዝም። 180 ገደማ፣ ማለት ከሚፈላው ውሃችን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እና ውሃ ሲፈላ ይንጣጣል፣ ያስፈራራሃል፣ ዘይት ግን ዝም ብሎ ነው የሚግለው፣ ላዩ እንደ ጣና ማለዳ ፀጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ልጄ ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ጆጓን እንዳስታወሰች ገባኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ፍልሰታ ውስጥ ነበር። ፍልሰታን መቼም ልጆች ናቸው የሚጾሙት፣ ቅዳሜ ስለሆነ ግን ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ቀምሰው ነው የመጡት፣ የምስር ሳምቡሳ ደግሞ የጾም ነው ስለዚህ ማንም የሚቸገር የለም፣ ሁለቱ ሙስሊም ልጆችም ያው እናቶቻቸው ቤት የሚያውቁትን ነው የሚሰሩት። (እትዬ ራሳቸው አስተጣጠፉን ያስተማሯቸው ሙስሊም ጎረቤታቸው እንደሆኑ ነው የነገሩን።)

ቢላ የተነካው ያን ቀን ነው። መክተፊያው ስር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል እንዳይንሸራተት። ሽንኩርቱን እትዬ ለሁለት ይሰነጥቁና ጠፍጣፋው ወደ ታች ይቀመጣል፣ ክብ ነገር ይንከባለላል፣ ጠፍጣፋ አይሄድም። ከዛ "ጉርሻ እንደምትጠቀልሉ ጣታችሁን ሰብስቡ" አሏቸው፣ የጣት ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ የጣቱ መገጣጠሚያ ነው ከቢላው ጎን የሚሆነው። እኔ እስከዛሬ ጣቴን ዘርግቼ ነበር የምከትፈው፣ ግራ እጄ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ምስክር ናቸው። ቢላው ስል ነው፣ ይሄ አስደነገጠኝና ጠየቅኳቸው፣ "ልጄ፣ ዱልዱም ቢላ ነው የሚቆርጥሽ፣ ትገፊዋለሽ፣ ያንሸራትትሻል፣ ጣትሽ ላይ ያርፋል" አሉኝ። ቢላ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወደ ኋላ፣ ለመያዝ መሞከር የለም። ይሄን በእንጨት ማንኪያ እየጣሉ አለማመዷቸው።

ቃሪያው ላይ አንድ ወንድ ልጅ ዓይኑን አሸ። አለቀሰ እንዴት አለቀሰ። እትዬ ሳይደናገጡ ዓይኑን በብዙ ንጹህ ውሃ አጠቡለት፣ ሲረጋጋ ደግሞ ለሁሉም አሳዩ፣ ቃሪያ የነካ እጅ በውሃ ብቻ አይለቅም፣ መጀመሪያ ትንሽ ዘይት ይታሻል ከዛ በሳሙና ይታጠባል፣ ማቃጠያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው። እኔ ይሄንን በ36 ዓመቴ ነው የሰማሁት።

ሊጡ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ለብ ያለ ውሃ ነው፣ ጠንከር ይላል። ልጆች ጥሬ ሊጥ መቅመስ ይወዳሉ፣ እትዬ ከልክለዋል፣ ዱቄት ያልበሰለ ነገር ስለሆነ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል ሆድ ያማል። ሁለት ድቡልቡል ተጠፍጥፎ መሃሉ ዘይት ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበትና አንድ ላይ ይዳመጣል፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ ሞቅ ይደረጋል፣ ሳይቀላ ይወጣና ሁለቱ ይላቀቃሉ፣ ከዛ በረጅሙ ይቆረጣል። መዳመጫው ልጆቹ ሁሉ የሚወዱት ስራ ነው፣ ተራ መጠበቅ አስጨነቃቸው።

እዛ ጋ መብራት ጠፋ። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። አንዷ እናት "ከሰል ይቀጣጠልና እዚሁ በረንዳው ውስጥ ይጨረስ" አለች፣ ውጭ ዝናቡ የነሐሴ ነው ታውቁታላችሁ፣ በረንዳው ደግሞ በዝናቡ ምክንያት በሸራ ተዘግቷል። እትዬ እምቢ አሉ። ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ በተዘጋ ቤት ክረምት ላይ ለሙቀት ብሎ ማንደጃ አስገብቶ በዛው የቀረ ስንት ሰው አለ፣ ልጆች ደግሞ ቶሎ ይጎዳሉ። 40 ደቂቃ ያህል ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን፣ ከዛ ማንደጃው ሜዳው ላይ ወጥቶ እሳቸው ብቻቸውን ሊጡን አሙቀው ጨረሱት። ያን ቀን ወደ 12 ሰዓት ነው የወጣነው። ተናድጄ ነበር፣ ባጃጅም ጠፍቶ በጭቃ ነው የሄድነው፣ ግን ትክክል ናቸው።

ሶስተኛው ቅዳሜ መጥበሱ መጣ። በፊት ግን የምስሩ ነገር አለ፣ የተቀቀለው ምስር በወንፊት ውሃው ጠብ ማለቱን እስኪተው ይጠፈፋል፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቁንዶ በርበሬው ይገባና ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ትኩስና እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ሊጡን ያረጥባል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,000 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፣ መውጫ ካጣ ሳምቡሳውን ቀዶ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ መጨመርም ይሄው ነው አሉ፣ ውሃው ከዘይቱ ስር ይሰምጣል፣ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ጣራ ድረስ ይረጨዋል። ስለዚህ ከመጥበሻው የሚሰፋ ክዳን ሁልጊዜ ከቡታጋዙ ጎን አለ። ልጆቹ እየጮሁ "አጥፋ! ክደን! ራቅ!" ይላሉ፣ ጋዙን ማጥፋት፣ መክደን፣ መራቅ፣ መጥበሻውን አንስቶ መሮጥ የለም። አጠገቡ መድረስ ካልተቻለ ደግሞ ወጥቶ ትልቅ ሰው መጥራት።

ጥብሱን እትዬ ናቸው የሚጠብሱት፣ ይሄን ግልጽ ላድርግ ምክንያቱም ልጁ ራሱ ይጠብሳል ብሎ የሚመጣ ወላጅ አይቻለሁ። ከ12 ዓመት በላይ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው ስማቸው ተጠርቶ መስመሩን አልፈው በረጅም መቆንጠጫ አንድ አንድ ያስገቡት፣ እሱም እትዬ ከጎናቸው ቆመው። ዘይቱ ከመጥበሻው ግማሽ በታች ነው፣ እጀታው ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ትንሽ ሊጥ ጣል ተደርጎ ወዲያው አረፋ ይዞ ከወጣ ደርሷል፣ ከጨሰ አልፏል ይጠፋል። ሳምቡሳው ከራስ በተቃራኒ አቅጣጫ ተንሸራቶ ነው የሚገባው እንጂ አይወረወርም፣ በአንዴ ከአራት አይበልጥም ዘይቱ እንዳይቀዘቅዝና ሳምቡሳው ዘይት እንዳይጠጣ። የወጣው ሳምቡሳ ደግሞ አስር ደቂቃ ይጠብቃል፣ ላዩ ቢቀዘቅዝም ውስጡ ያለው ምስር አፍ ይልጣል፣ ለሁለት ተገምሶ ነው የሚበላው።

የሚያግዟቸው የእህታቸው ልጅ አለች፣ እሷን ዘይት አንጓዋ ላይ ተፈናጠረባት። የብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ነች ግን ቀላች። የእጅ አምባሯን ወዲያው አወለቀች፣ ሳያብጥ በፊት ነው የሚወጣው። ቧንቧው ውሃ የለውም፣ የሰፈሩ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ግን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ የተቀመጠው ለዚሁ ነው አሉ፣ በጆግ ቀስ እያለ 20 ደቂቃ ሙሉ ፈሰሰባት። ልጆቹ ናቸው በሰዓት የቆጠሩት። በረዶ የለም፣ ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ ከዛ በንጹህ ጨርቅ ሸፈን። የልጅ ከሆነ፣ ወይም ፊትና መዳፍ ከሆነ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ ውሃው እንዳበቃ ሐኪም ቤት ነው አሉ። እቤት ስንመለስ ልጄ ለእናቴ ስትነግራት እናቴ "እኛ እኮ የጥርስ ሳሙና ነበር" አለቻት፣ "አያቴ እሱ እኮ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል" ብላ መለሰችላት፣ እናቴም ዝም ብላ ሰማቻት።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። ያን ሶስተኛ ቅዳሜ ቡታጋዙ እየነደደ እትዬ ዘይቱ ላይ ቆመው እያለ አምስት ልጆች ከመስመሩ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት ይከትፉ ነበር፣ የሚያያቸው ያቺ የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም እጇ ሲቃጠል ውሃው ጋ ሄደች። ለ20 ደቂቃ ቢላ የያዙ ልጆችን ከልቡ የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ ተነስቼ ቢላዎቹን ሰበሰብኩ። ሲያልቅ ለእትዬ በአክብሮት ነገርኳቸው፣ አልተቆጡም፣ "እውነትሽን ነው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሳ ስሰራ አላደርገውም" አሉ፣ በአራተኛው ሳምንት ክትፊያው ሁሉ አልቆ ቢላው ተቆጥሮ መሳቢያ ከገባ በኋላ ነው ጋዙ የተለኮሰው። ግን ሁለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል ከመጀመሪያውም።

የአሳው ቀን፣ አራተኛው ቅዳሜ፣ ደግሞ አልተመቸኝም። ጾሙ ስለተፈታ የጣና አሳ ሳምቡሳ ነበር፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው የተጠቀሙት፣ ነጭ አሳ የሚባለው ስጋው ውስጥ የተበታተነ ቀጭን አጥንት ስላለው ለልጅ አይሆንም ብለው፣ ይሄ ጥሩ ነው። ልጆቹም በጣታቸው እየዳሰሱ አጥንት ፈልገዋል። ሆኖም ልጄ የበላችው ውስጥ አንድ አጥንት ተገኘ። ስድስትና ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች አሳው ይቅር፣ ድንችና ካሮት ይሁን እላለሁ፣ ለሳቸውም ብያለሁ።

ጣዕሙ? የምስሩ ቀጭን፣ ጥርስ ስር የሚንኮሻኮሽ፣ ዘይት ያልጠጣ። እያንዳንዱ ልጅ ስድስት ይዞ ይሄዳል። ልጄ ካጠፈቻቸው ሁለቱ ጫፋቸው ተከፍቶ ነበር፣ እነሱን እትዬ አይጠብሱም፣ መልሰው ሰጥተዋት በዱቄትና ውሃ ለጥፋ አመጣች።

አሁን የኛ ማድ ቤት ሲሚንቶ ላይም የጠመኔ መስመር አለ። ልጄ ናት ያሰመረችው፣ ሲጠፋ ታድሰዋለች፣ የ4 ዓመት ወንድሟን መስመሩ ላይ አቁማ "ስምህ አልተጠራም" ትለዋለች።

ለምትመዘግቡ፦ የመስከረሙን ክላስ አሁን እየያዙ ነው፣ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ሽፍን ጫማ፣ የፀጉር ሻሽ፣ ሽርጥና ክዳን ያለው ሳህን ከቤት ያዙ። ልጃችሁ አስም ወይም የስንዴ አለርጂ ካለው በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ እሳቸው ካልተነገራቸው አይጠይቁም።